የአደጋ ጊዜ ነርስነትን በጨዋታ ማስተማር

(በቢስቲማ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከደሴ የመጡት የነርስ ተማሪዎች አዳራሹ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ባቄላ ሲቆጥሩና ወረቀት ሲያነሡ ያያችሁ ሁሉ ጥያቄ እንዳደረባችሁ ሰምቻለሁ። አንደኛው ጥያቄ፣ «ለችግረኛ የተሰጠ ገንዘብ ለጨዋታ ይውላል ወይ?» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው። ያወጣነው ለጥቂት ካርቶን፣ ለአራት ዓይነት ቀለም ጨርቅና ለአንድ ጣሳ ባቄላ ነው፤ ባቄላውም በመጨረሻው ቀን ተቀቅሎ ተበልቷል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከአንድ አባታችን የመጣ ሲሆን ከበድ ይላል። «ልጆቻችንን በቀበርንበት ነገር ላይ እንዴት ይጫወታሉ?» ብለውኛል። ዛሬ የምናገረው በተለይ ለእርሳቸው ነው።

የወሎ ሰው መከራን ከመጽሐፍ አይማርም። የ1965ቱንና የ66ቱን ድርቅ ያዩ አረጋውያን አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ሰባ ሰባትን ያዩማ ብዙ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስም፣ የደሴው ትልቁ ሆስፒታል መሣሪያውና መድኃኒቱ ተዘረፈ። እንግዲህ በዚህ አገር በነርስነት የሚመረቅ ወጣት፣ አንድ ቀን ከእጁና ከመድኃኒቱ የሚበልጥ ሕዝብ ፊቱ ሊቆም እንደሚችል ማወቅ አለበት።

በደኅናው ቀን ነርስ የሚማረው ለአንዱ በሽተኛ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግን ነው። በአደጋ ቀን ግን ሥራው ይገለበጣል፤ በጥቂት እጅ ብዙዎችን ማትረፍ ይሆናል፤ ስለዚህም መምረጥ ይመጣል። ብሪታንያዊቷ ነርስ ክሌር በርትሺንገር በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ፣ መቀሌ በነበረው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መመገቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚገቡት ልጆች ጥቂት አሥሮች ሲሆኑ የተሰለፉት ግን ከሺህ በላይ ነበሩ። በሰልፉ መካከል እየሄዱ የሚገቡትን መምረጥ የእርሷ ሥራ ሆነ። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ከልቧ እንዳልወጣ ራሷ ተናግራለች፤ በኋላም ለንደን ውስጥ ወደ ሞቃት አገሮች የሚሄዱ ነርሶች የሚማሩበትን ትምህርት ትመራ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ፣ ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለውን ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደርጉት በሕያው ልጅ ላይ እንዳይሆን ነው።

አሁን ስለ ጨዋታው ልንገራችሁ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ ተገልብጧል እንላለን። ሃያ ወረቀት መሬት ላይ ይበተናል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቁስለኛ አለ። ተማሪዋ ለአንዱ ሠላሳ ሴኮንድ ብቻ አላት። ተነሥቶ መራመድ የሚችለው አረንጓዴ ጨርቅ ይደረግበታል። የአየር መተላለፊያው ተከፍቶለትም የማይተነፍሰው ጥቁር። ትንፋሹ በደቂቃ ከ30 የሚበልጥ፣ ወይም ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ደሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ የማይመለስ፣ ወይም «እጄን ጨብጥ» ሲሉት የማይታዘዝ ቀይ ነው፤ እርሱ ቅድሚያ ያገኛል። የቀረው ቢጫ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1983 በካሊፎርኒያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ ሐሳቡ ግን ከናፖሊዮን ሐኪም ከላሬ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ላሬ ቁስለኛን በማዕረጉ ሳይሆን በቁስሉ ክብደት እንዲታይ ያደረገ ሰው ነው።

ሕጉ ቀላል ይመስላል፤ ቃል በቃል የሸመደዱት ተማሪዎችም ነበሩ። ሰዓቱ ሲቆጠር ግን ምን ሆነ? አንዱ ወረቀት «እግሬ! እግሬ!» ብሎ የሚጮህ ጎልማሳ ነው፤ ትንፋሹ 22፣ የተባለውን ይሰማል፣ ስለዚህ ቢጫ ነው። ከአጠገቡ ዝም ያለች ወጣት አለች፤ ትንፋሿ 36 ነው። ከስምንት ተማሪዎች ስድስቱ ወደሚጮኸው ሮጡ። ዝም ያለው በሽተኛ ከሚጮኸው ይልቅ ሊያስፈራ እንደሚገባ መምህራቸው ነግሯቸው ነበር፤ የገባቸው ግን በዚያች ደቂቃ ነው። አንዲት ተማሪ ደግሞ የማይተነፍስ ሕፃን ወረቀት ደርሷት ጥቁሩን ጨርቅ ማስቀመጥ አቃታት። ይዛው ቆመች። ጊዜው አለቀ፤ ከኋላዋም ሦስት ቀይ ወረቀቶች ሳይታዩ ቀሩ። ማንም አልሳቀባትም።

ሁለተኛው ጨዋታ በገበጣ ነው። መሬት ላይ ጉድጓዶች እንቆፍራለን፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ በመጠለያ ያለ አንድ ቤተሰብ ነው። አንዷ ባቄላ 15 ሊትር ውሃ ናት፤ ይኸውም በዓለም አቀፉ የዕርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ ሊደርሰው የሚገባው ነው። ተማሪዎቹ አከፋፍለው ደስ ሲላቸው አንድ ወረቀት ይነበባል፤ «የውሃው ቦቴ ከሐይቅ ሲመጣ ተበላሽቷል»። ግማሹ ባቄላ ይነሣል። ቀጥሎም «ኮሌራ ገብቷል» ይባላል። በኮሌራ ማከሚያ ለአንድ በሽተኛ በቀን 60 ሊትር ያስፈልጋል፤ አራት ባቄላ ማለት ነው። ከማን ጉድጓድ ይነሣ? እዚህ ላይ ክርክሩ ጦፈ፤ እኔም አላቋረጥኩም።

በዚሁ ጨዋታ ውስጥ አንድ የኩፍኝ ወረቀት አለ። ሕዝቡ በአንድ ቦታ ከተሰበሰበ በኋላ ክትባቱ ቀድሞ ካልተሰጠ ይህ ወረቀት አምስት ጉድጓድ ባዶ ያደርጋል። ይህ ከባድ ቅጣት ነው ያሉ ነበሩ። በ1992ቱ ረሃብ በጎዴ በተደረገ ጥናት፣ ከሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት መካከል 22 በመቶው የሞቱት በኩፍኝ ብቻ፣ ወይም በኩፍኝና በምግብ እጦት ክሳት አንድነት መሆኑ ተገኝቷል። እህሉ በአንድ እጅ፣ መርፌው በሌላ እጅ መሄድ አለበት። በመጠለያ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያለው ሁሉ ቶሎ እንዲከተብ የተደነገገውም ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። ሰባ ሰባትን ያለፉ አራት እናቶች፣ ክርስቲያንም እስላምም፣ ለማየት መጥተው ነበርና በሰልፉ ላይ እንደ ሕመምተኛ እንዲቀመጡ ለመንናቸው። ተማሪዎቹ የክንድ መለኪያ ጥብጣባቸውን ይዘው መጡ፤ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን ክንድ ፈልገው ወደ ልዩ ሕክምና ሊያስገቡ ነው። አንዷ እናት ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እዚህ የምትለኪው መሄድ የቻለውን ነው። የባሰበትን እኮ ቤት ትተነው ነው የመጣነው» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ተለውጧል፤ አሁን አምስት ወረቀት በአዳራሹ አይበተንም፣ ውጭ በየጥጉ ይደበቃል። ሰልፉን ብቻ ያየ ተማሪ እነዚያን አምስቱን አያገኛቸውም።

በጨዋታ ማስተማር እኛ የፈጠርነው አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ቅነሳ ጽሕፈት ቤትና ዩኒሴፍ ለልጆች «ሪስክላንድ» የሚባል የሰሌዳ ጨዋታ አዘጋጅተዋል። ነገር ግን ጨዋታ የማይችለው ብዙ ነው። ውሃው ያለቀበት ሕፃን ደም ሥር በወረቀት ላይ አይገኝም፤ እርሱ በሆስፒታል፣ በመምህር እጅ ሥር ይለመዳል። ነጥብና ሽልማት ማብዛትንም አልወድም፤ ተማሪው በሽተኛውን ትቶ ነጥቡን ያሳድዳል። ከጨዋታው ይልቅ ከጨዋታው በኋላ ያለው ጭውውት ይበልጣል። ሃያ ደቂቃ ከተጫወቱ አርባ ደቂቃ ይቀመጡ፤ «ለምን ይህን አስቀደምሽ?» ተብለው ይጠየቁ። ጊዜ የለም ተብሎ ይህ ከተዘለለ ባቄላውን ቀቅሎ መብላት ይሻላል።

ካርታና ዳይስ ለምን አላመጣችሁም ላላችሁ ወጣቶች፦ በቤተ ክርስቲያናችን እነዚህ ከቁማር ጋር ስለሚታሰቡ ወንድምን ማሰናከል አልፈለግንም። የተቆራረጠ ካርቶን ሥራውን በሚገባ ይሠራል።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። አባቴ፣ አባቶቻችን ጉግስ ይጫወቱ የነበረው ጦርነትን ቀላል ነገር አድርገው ስላዩት አልነበረም። ፈረሱም ፈረሰኛውም በሜዳው ያልተለማመዱትን በጦር ግንባር እንደማይችሉት ስለሚያውቁ ነበር። የሚወረወረውም ዘንግ እንጂ ጦር አልነበረም። እነዚህ ልጆች የያዙት ወረቀት ያ ዘንግ ነው። ጥቁሩን ጨርቅ ማስቀመጥ ያቃታት ተማሪ፣ በማግሥቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ መጥታ እንደገና ልሞክር ብላለች። ያን ጊዜ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ሃያውንም ወረቀት አየች። እርስዎ ባሉት ነገር ላይ የቀለደ ሰው እንዲህ አይንቀጠቀጥም።

ሁለተኛው ዙር ተማሪዎች በቅርቡ ይመጣሉ። ሰባ ሰባትን የሚያስታውሱ እናቶችና አባቶች፣ የሰፈራችንም ሙስሊም ጎረቤቶች፣ በሰልፉ ላይ ተቀምጠው እንዲያርሟቸው እንለምናለን። አባታችንም ቢመጡ ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል። ተማሪዎቹ ከሚረሱት ነገር እናንተ የምታስታውሱት ይበዛልና አትፈሩ፣ ገሥጿቸው። ባቄላውን እኛ እናመጣለን።