በሂሊየም የተነፋ የቤት ዕቃ በአየር ላይ ይንሳፈፋልን?



ሕፃናት በበዓል ቀን ፊኛ ከእጅ አምልጦ ወደ ሰማይ ሲወጣ ባዩ ጊዜ፥ «የሚነፋው ፍራሽስ በዚያው ጋዝ ቢሞላ ሰው ተሸክሞ ይወጣልን?» ብለው መምህራቸውን ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን በሚዛን እንጂ በግምት አይመለስም።

ብዙ ሰው ሂሊየም ወደ ላይ የሚጎትት ኃይል ያለው ይመስለዋል። እንዲህስ አይደለም። አፉ የተደፈነ ባዶ ቅል በውሃ ውስጥ ቢደፍቁት ተመልሶ የሚወጣው፥ ቅሉ የገፋው ውሃ ከቅሉ ይልቅ ስለሚከብድ ነው። ይህን ሕግ አርኪሜዴስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት አስረድቶታል። አየርም እንደ ውሃ ክብደት አለው። ከባሕር ወለል አጠገብ 1 ሜትር ኩብ አየር 1200 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ያንኑ ቦታ የሞላ ሂሊየም 170 ግራም ያህል ይመዝናል። ሂሊየም ሊያነሣ የሚችለው ልዩነቱን፥ ይኸውም 1 ኪሎ ያህል ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ግን አየሩ ስስ ስለ ሆነ ወደ 800 ግራም ይወርዳል።

እንግዲህ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር፥ ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር፥ የላስቲኩም ክብደት 2 ኪሎ የሆነ ፍራሽ ይታሰብ። ሆዱ ከሜትር ኩብ ከአሥር እጅ አራቱን ብቻ ይይዛልና፥ በባሕር ዳርቻ እንኳ የሚነሣለት 400 ግራም ነው፤ የቀረው 1600 ግራም በምድር ላይ ያስቀረዋል። ወርዱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ድቡልቡል ፊኛ ግን 14 ግራም ያህል ያነሣል፤ ላስቲኩ 3 ግራም ያህል ነውና ይወጣል።

ፍራሹ በሁሉ ወገን እጥፍ ቢደረግ ልብሱ 4 እጥፍ፥ ሆዱ ግን 8 እጥፍ ይሆናል። 5 ጊዜ ቢያሳድጉት 50 ኪሎው ላስቲክ ከ50 ኪሎው ማንሻ ጋር ይተካከላል፤ ከዚያ ቢያልፍ ይነሣል። ነገር ግን 10 ሜትር የሚረዝመውን ፍራሽ የሚያስገባ ጎጆ ከወዴት ይገኛል!

በ1974 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቈጣጠር በ1982) በካሊፎርኒያ ላሪ ዋልተርስ የሚባል ሰው ከ40 የሚበልጡ ታላላቅ የአየር ጠባይ መመርመሪያ ፊኛዎችን በወንበር ላይ አስሮ ወደ 4900 ሜትር ከፍታ ወጣ። ሲወርድ ገመዶቹ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጠላለፉ፤ ሕይወቱ ግን ተረፈች።

ሂሊየም ውድ ነውና በሃይድሮጅን ልተካው የሚል ቢኖር መምህሩ ይከልክለው። ሃይድሮጅን ይቀላል፤ ነገር ግን ይነድዳል። በ1929 ዓ.ም. ሂንደንቡርግ የተባለው የጀርመን የአየር መርከብ በአሜሪካ ሊያርፍ ሲል ነድዶ 36 ሰዎች ሞተዋል። ሂሊየም አይነድም፤ ሆኖም ልጆች ድምፃቸውን ለማቅጠን ሲስቡት ኦክሲጅንን ከሳንባቸው ስለሚያስወጣ ራሳቸውን ስተው ይወድቃሉ። ከብረት ሲሊንደር በቀጥታ የሳበውማ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል፤ በዚህም የሞቱ አሉ።

ለትምህርቱ ቅልና ውሃ የሞላበት ጋን ይበቃሉ። ቅሉን ደፍቆ የሚለቀው ግን ተማሪው ራሱ ይሁን።