የተጠርጣሪ መብትና የሕዝብ ደኅንነት
ጠበቃ በሌለበት ስለሚደረግ አስቸኳይ ምርመራ የቀረበ ንግግር



ቦምብ ፈንድቶ ሰው ባለቀበት ማግስት ስለ ተጠርጣሪ መብት መናገር ለወንጀለኛ ጥብቅና እንደ መቆም ይቈጠራል። የሕግ ሙያ ግን ጉዳዩን በቊጣ ሳይሆን በሚዛን መመልከትን ይጠይቃል። መንግሥት የዜጎቹን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ያው መንግሥት የያዘውን ሰው በሕግ መሠረት ብቻ የመመርመር ግዴታም አለበት። ሁለቱ ግዴታዎች በአንድ የምርመራ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ የትኛው ይቅደም? በዚህ ረገድ የብሪታንያ ልምድ ብዙ ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2005 በለንደን የምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ በደረሰው ፍንዳታ 52 ሰዎች ተገደሉ። በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ሌሎች ሰዎች በሦስት ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ተመሳሳይ አደጋ ለማድረስ ሞከሩ፤ ቦምቦቹ ግን ሳይፈነዱ ቀሩ። ሌላ ቦምብ ተጠምዶ እንደ ሆነ ፖሊስ አያውቅም ነበር። ስለሆነም ከተያዙት መካከል ሦስቱ ከጠበቃ ጋር የሚገናኙበትን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል አዘግይቶ ጠየቃቸው። የ2000ው የሽብር ወንጀል ሕግ የጠበቃን እርዳታ እስከ 48 ሰዓት ማዘግየትን ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ ይህን የሚወስነው ከፍ ያለ ማዕረግ ያለው የፖሊስ ሹም ሲሆን፣ ምክንያቱም መመዝገብ አለበት።

አራተኛው ሰው ከቦምብ ጣዮቹ አንዱን በመርዳት በኋላ የተከሰሰ ነበር። ፖሊስ በምስክርነት ሲጠይቀው ሳለ ራሱን የሚያስወነጅል ቃል መናገር ጀመረ። መርማሪዎቹ አቋርጠው አለቃቸውን ቢጠይቁ፣ እንደ ምስክር እየጠየቃችሁ ቀጥሉ የሚል ትእዛዝ መጣላቸው። ዝም የማለትም ሆነ ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው አልተነገረውም።

አራቱም ከተፈረደባቸው በኋላ አቤቱታቸው ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ቀረበ። ታላቁ ችሎት ሴፕቴምበር 13 ቀን 2016 በሰጠው ውሳኔ፣ የሦስቱ ፍርድ ትክክለኛ ሥርዓት የተከተለ መሆኑን 15 ለ 2 በሆነ ድምፅ አጸና፤ የአራተኛው መብት ግን መጣሱን 11 ለ 6 በሆነ ድምፅ ወሰነ።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ልዩነቱን የፈጠረው የአደጋው ክብደት አለመሆኑ ነው። ስጋቱ ለአራቱም አንድ ነበር። በሦስቱ ላይ የተደረገው ሕግ አስቀድሞ በዘረጋው ሥርዓትና በተመዘገበ ምክንያት ነው፤ በአራተኛው ላይ የተደረገው ግን ከሥርዓቱ ውጭ ከመሆኑም በላይ የአለቃው ትእዛዝ በጽሑፍ አልሰፈረም።

ከሥርዓት ውጭ የተገኘ ቃል ለሕዝብ ደኅንነትም አይበጅም። ኖቬምበር 21 ቀን 1974 በበርሚንግሃም ከተማ በሁለት መጠጥ ቤቶች የፈነዳው ቦምብ 21 ሰዎችን ገደለ። ከተያዙት ስድስት ሰዎች አራቱ የእምነት ቃል ፈረሙ፤ በኋላም ተደብድበው መፈረማቸውን ተናገሩ። በ1975 ስድስቱም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። በ1991 የፖሊስ የምርመራ ማስታወሻም ሆነ የላቦራቶሪው ማስረጃ የማይታመን ሆኖ በመገኘቱ ፍርዱ ተሻረ። እስከ ዛሬ በዚያ ግድያ የተፈረደበት ሌላ ሰው የለም። ስድስቱ 16 ዓመት ታሰሩ፤ የሟቾች ቤተሰቦችም ፍትሕ አላገኙም፤ እውነተኞቹ ገዳዮች ግን ከቅጣት አመለጡ።

ይህ ለኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተጠርጣሪው መልስ ለመስጠት እንደማይገደድ ደንግጓል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም ይህንኑ አጽንቶ፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይገልጻል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቊጥር 652 ግን የምርመራ ቀጠሮን እስከ አራት ወር አራዝሞ ነበር፤ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቊጥር 1176 ተሽሯል። ቀጠሮ ማራዘምና ጠበቃን ማዘግየት የተለያዩ ጉዳዮች ቢሆኑም መለኪያቸው አንድ ነው፤ የተጠመደ ቦምብ የሚፈለገው በሰዓታት እንጂ በወራት አይደለም።

እንግዲህ አስቸኳይ ምርመራ በልዩ ሁኔታ የሚፈቀድ ከሆነ፣ ሕጉ አስቀድሞ የተጻፈ፣ ጥያቄው ሕይወት በማዳን የተወሰነ፣ ሰዓቱ የተቈረጠ፣ እያንዳንዱም ቃል የተመዘገበና በዳኛ የሚመረመር ሊሆን ይገባል። ከዚህም አልፎ፣ ሕይወት ለማዳን ሲባል ጠበቃ በሌለበት የተገኘ መልስ ለዚያው ዓላማ ይዋል እንጂ በተናጋሪው ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቅረብ። የአውሮፓው ችሎት እስከዚህ አልሄደም፤ ዳሩ ግን ፖሊስ የሚጠይቀው ሰው ለማዳን ይሁን ክስ ለማጠናከር በእርግጥ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ሕግ የሚያረቅ፣ የሚከስ፣ የሚከራከርና የሚፈርድ የሙያ ባልደረባ ሁሉ ይህን ድንበር በሰላሙ ጊዜ ሊያጸናው ይገባል፤ ፍንዳታ ከደረሰ በኋላ ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት አይገኝምና።