ሞተሩና ጭነቱ
(የሰውነት ቅርጽና የትንፋሽ ብቃት)



አንድ መሐንዲስ የጭነት መኪናን አቅም ሲመረምር የሞተሩን ጉልበትና የሚጎትተውን ክብደት ለይቶ ያሰላል። የሰውን አካል በሚመለከትበት ጊዜ ግን ይህን ልማዱን ዘንግቶ፣ ቀጭኑን ጤነኛ ወፍራሙን ደካማ በማለት በዓይን ግምት ይፈርዳል።

እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አርኪባልድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ እንዳስረዳው፣ ሯጭ ፍጥነቱን በጨመረ መጠን የሚወስደው ኦክሲጅንም ይጨምራል፤ በመጨረሻ ግን ከማያልፈው ጣሪያ ይደርሳል። ይህ ጣሪያ የልብ፣ የሳንባ፣ የደምና የጡንቻ የጋራ ችሎታ መለኪያ ነው። በተለምዶ የሚገለጸው በደቂቃ የተወሰደው ኦክሲጅን ለሰውነት ክብደት ተካፍሎ ነው።

ስሕተቱ የሚመነጨው ከዚሁ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ 90 ኪሎግራም የሚመዝን ሰው በደቂቃ 3.6 ሊትር ቢወስድ፣ ለአንድ ኪሎግራም የሚደርሰው 40 ሚሊሊትር ነው። ልቡ ምንም ሳይጠነክር 10 ኪሎግራም ስብ ቢቀንስ ቁጥሩ 45 ይሆናል፤ ሞተሩ ያው ሆኖ ጭነቱ ቀለለ ማለት ነው። በአንጻሩ 60 ኪሎግራም የሚመዝን ቀጭን ሰው 2.1 ሊትር ብቻ ቢወስድ ድርሻው ከ35 አያልፍም። ቅጥነቱ የሞተሩን ድካም አልሸፈነለትም።

ስፖርትም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1960 የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ እንዳሸነፈው እንደ አበበ ቢቂላ ያሉ የረጅም ርቀት ሯጮች ቀጫጭን ናቸው፤ ሯጭ በየእርምጃው የገዛ ክብደቱን ይሸከማልና። የጀልባ ቀዛፊዎች ግን ክብደታቸውን ውኃው ስለሚሸከምላቸው ብዙዎቹ ግዙፋን ናቸው፤ በጠቅላላ ሊትር ሲለካም የሚወስዱት ኦክሲጅን እጅግ ከፍተኛ ነው።

ነገሩ የስፖርተኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በዳላስ ከተማ በወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ የትንፋሽ ብቃት የጎደላቸው ቀጫጭኖች፣ ብቃት ካላቸው ወፍራሞች ይልቅ ለሞት የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ስለዚህ ቀኑን በንድፍ ጠረጴዛ ላይ የሚያሳልፍ ባለሙያ የሚዛን ቁጥር አያዘናጋው፤ ተስፋም አያስቆርጠው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአዋቂዎች የመከረው፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ጭነትን መቀነስ መልካም ነው፤ ሞተሩን የሚያጠነክረው ግን እንቅስቃሴ ነው።