ውኃ ቀድሞ በሚፈላበት አገር፤ የባሌ ማእድ ቤትና ዘመናዊ የማብሰያ መሣሪያዎች

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሮቤ ከተማ የቀረበ ንግግር)




በዚህ ማኅበር መድረክ ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብና ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር ብዙ ተነግሯል፤ ወደ ፊትም ይነገራል። የእኔ የዛሬ ርእስ ድስት ነው። ይህን ሰምቶ ፈገግ የሚል ባልደረባ ቢኖር አልቀየምም። ነገር ግን ሙቀት፣ ግፊት፣ የኃይል ብክነት፣ የቮልቴጅ መውደቅ እያልን የተማርናቸው ነገሮች ሁሉ በየቀኑ በየቤቱ የሚፈተኑት በማእድ ቤት ውስጥ ነው። የፈተናውንም ውጤት በቅድሚያ የሚቀበሉት እናቶቻችን፣ እኅቶቻችንና ባለቤቶቻችን ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ ከሙያችን ውጭ እንዳልሆነ በዚህች አጭር ጊዜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩን ከቆምንበት መሬት እንጀምር። ይህች የሮቤ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ጎረቤቷ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያቋርጠው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ገደማ ሲደርስ፣ ከዚያው አምባ ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግፊት ሲቀንስም ውኃ ቀድሞ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ ሮቤ ላይ በ92፣ ጎባ ላይ በ91 ዲግሪ ያህል ይፈላል፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ 87 ዲግሪ እንኳ ለመድረስ ይቸግረዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱን የቱንም ያህል ብናነድደው የውኃው ሙቀት አይጨምርም፤ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው።

ይህች የ8 ዲግሪ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ይሁን እንጂ የምግብ መብሰል ፍጥነት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል የሚባለውን የተለመደ ስሌት ብናስታውስ፣ ባቄላ ወይም ቦለቄ በሮቤ ለመብሰል በባሕር ዳርቻ ከሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ጊዜ እንደሚፈልግ እንረዳለን። ማታ የተጣደ የባቄላ ንፍሮ ልጆቹ እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ የሚደርሰው፣ የባለሙያዋ እጅ አጥሮ ሳይሆን አየሩ ስለ ሳሳ ነው።

እዚህ ላይ በእኔ አስተያየት ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የደጋው ሕዝብ ቴርሞሜትር ሳይኖረው ለዚህ ችግር መፍትሔ አግኝቶለታል፤ ይኸውም መቁላትና መፍጨት ነው። ውኃ የሚገታው በመፍያው ሙቀት ነው፤ የሸክላ ምጣድ ግን በደረቁ ሲግል፣ ሮቤም ይሁን ሳነቴ፣ ከ200 ዲግሪ በላይ ለመድረስ የሚያግደው የለም። ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ሲታሽ በባሌና በአርሲ የሚወደደው ጭኮ ይሆናል። አተሩና ሽምብራው ተቆልቶ ተከክቶ ከተፈጨ በኋላ ሽሮ ሆኖ በጥቂት ደቂቃ ይደርሳል። ገንፎም ቢሆን የገብስ ዱቄት የሚወፍርበት ሙቀት ከ92 ዲግሪ በብዙ ስለሚያንስ ከፍታው አይጎዳውም። በሐምሌ ጭጋግም ሆነ በኅዳር ውርጭ የባሌ ሰው ሰውነቱን የሚያሞቅባቸው ምግቦች አብዛኞቹ ከፍታውን በዘዴ ያለፉ ናቸው። እኛ በትምህርት ያወቅነውን እነርሱ በእጃቸው ያውቁታል።

መፍትሔው ያልተሟላው ሳይፈጭ በሚቀቀለው ነገር ላይ ነው፤ ባቄላው፣ ቦለቄው፣ የስንዴ ንፍሮው፣ የጎድን ሥጋው። እነዚህ በክፍት ድስት ለረጅም ሰዓት መፍላት አለባቸው፤ ዋጋውንም የምንከፍለው በማገዶ ነው። ስሌቱን እንመልከት። አራት ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማሞቅ 0.36 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። አንድ ሊትር የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። ድስቱ ሦስት ሰዓት ሲንተከተክ ሦስት ሊትር ቢተን፣ ያባከነው ኃይል 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይህም ውኃውን ለማፍላት ካስፈለገው ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የማገዶው ዋና ክፍል ጣራውን እያጠቈረ በሰማይ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን እንፋሎት አፍኖ ለሥራ የማዋል ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ1679 እ.ኤ.አ. በለንደን ክዳኑ አጥብቆ የሚገጠም፣ የደኅንነት ቫልቭ ያለው የማብሰያ ዕቃ ሠርቶ አሳይቷል። ይኸው ሰው ቆየት ብሎ በእንፋሎት ስለሚገፋ ፒስተን ማሰቡ፣ የእንፋሎት ሞተር ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ከድስት የተነሣ መሆኑን ያመለክታል። ዛሬ ፕሬሸር ኩከር የምንለው ድስት የዚያ ልጅ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ክዳኑ አንድ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት ሲይዝ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል። ክብደቱ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ ግን፣ ያው ድስት ሮቤ ላይ የሚያስገኘው 116 ዲግሪ ያህል ነው። ቢሆንም ከ92 ወደ 116 መድረስ ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን ባቄላ ወደ 40 ደቂቃ ያወርደዋል። ለባሕር ዳርቻ ሰው ይህ ድስት ምቾት ሊሆን ይችላል፤ ለባሌ ሰው ግን ከፍታው የነሣውን ሙቀት የሚመልስለት መሣሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ዐውቄ ሳለሁ ራሴ የፈጸምሁትን ስሕተት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ አንድ የግፊት ድስት ገዝቼ ጎባ ይዤላት ሄድሁ። አብሮት የመጣው መመሪያ ለደረቅ ባቄላ 30 ደቂቃ ይላል፤ እኔም ሰዓቴን አይቼ በ30 ደቂቃ አወረድሁት። ባቄላው ከጥርስ ጋር የሚታገል ሆኖ ተገኘ። መመሪያው የተጻፈው ለቆላ አገር መሆኑን፣ ከ600 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ጊዜውን 5 ከመቶ መጨመር እንደሚገባ፣ በዚህም ስሌት ሮቤ ላይ 30ው ደቂቃ 40 እንደሚሆን መሐንዲሱ ልጅ ዘንግቶት ነበር። በማግሥቱ ይባስ ብዬ ድስቱን በአተር ክክ እስከ አፉ ሞላሁት። ክክ ሲፈላ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው የእንፋሎቱን መውጫ ደፈነው፤ የደኅንነት ቫልቩም ተከፍቶ ክኩ ጣራ ላይ ተረጨ። ማንም አልተጎዳም፤ ድስቱ ግን ለስድስት ወር ከመደርደሪያ ላይ አልወረደም።

እናቴ አልተቈጣችም። የተናገረችው ግን እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ «ልጄ፣ እኔ ወጥ የምሠራው እያሸተትሁ፣ እየሰማሁ፣ እየቀመስሁ ነው። አንተ ያመጣኸው ድስት አፉን ዘግቶ ምን ላይ እንደ ደረሰ አይነግረኝም» አለችኝ። በዩኒቨርሲቲ የቍጥጥር ሥርዓት የሚለውን ትምህርት የተማርሁ ሰው፣ መሣሪያው ከባለሙያዋ ላይ መለኪያዎቿን ሁሉ እንደ ነጠቃት አልታየኝም ነበር።

መፍትሔውን ያገኘችውም እርስዋ ናት። ከስድስት ወር በኋላ ለእረፍት ስመለስ ድስቱ ከምድጃው ላይ ተጥዶ አገኘሁት። ሥራውን ለሁለት ከፍላዋለች። አተሩን ክክ አጥባ፣ ድስቱን ከሲሶ ሳታስበልጥ፣ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋ በግፊት ትቀቅለዋለች፤ በዚያ ጊዜ መስማትም ማሽተትም አያስፈልጋትም፤ የሚፈለገው መለስለስ ብቻ ነውና። በሌላው ምድጃ ላይ ደግሞ በቢላዋ ያደቀቀችውን ሽንኩርት በክፍት ድስት በደረቁ ታቁላላለች፤ ዘይቱን፣ በርበሬውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን በየተራ ትጨምራለች፤ እንዳያርባት ውኃ ጠብ እያደረገች ታማስላለች። ክኩ ሲደርስ ግፊቱ እስኪወጣ ጠብቃ ትከፍትና ከነውኃው ቁሌቱ ላይ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያም ሩብ ሰዓት ያህል በቀስታ አንተክትካ በኮረሪማና በነጭ አዝሙድ ታወጣዋለች። የበዓል ሥጋ ወጥም እንዲሁ ነው፤ ሥጋው በግፊት፣ ቁሌቱ በግልጥ። ወጡ ከቀድሞው አልተለየም፤ የማገዶው ክምር ግን ቀንሷል።

ከዚህ የምንማረው የሥራ ክፍፍል ነው። መቀቀል ጊዜ የሚበላ፣ ጣዕም የማይወስን ሥራ ስለሆነ ለመሣሪያ ሊሰጥ ይችላል። ቁሌት ግን ውኃው ተንኖ ሽንኩርቱ ሲጠወልግና ሲቀላ ጣዕሙ የሚፈጠርበት ስለሆነ፣ በተዘጋ ድስት አይሆንም፤ ትነት በሌለበት ሽንኩርቱ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም። በኤሌክትሪክ መፍጫ ሽንኩርት መፍጨትም እንዲሁ ነው፤ ድካም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሽንኩርቱ ውኃ ሆኖ ስለሚወጣ በምድጃ ላይ የሚቈይበት ጊዜ ይረዝማል። ያው መፍጫ ለዝንጅብልና ለነጭ ሽንኩርት ግን እጅግ ይጠቅማል።

አሁን ወደ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ልለፍ፤ ይህ በቀጥታ ሙያችንን የሚነካ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። በበዓል ዋዜማ በአንድ ፌዝ ላይ 10 ምጣዶች አንድ ላይ ቢበሩ 160 አምፔር ይሆናል። በመሥመሩ ጫፍ ባለው ቤት ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ኃይሉ በቮልቴጁ እጥፍ ብዜት ስለሚቀንስ፣ ያ ምጣድ የሚሰጠው 2,340 ዋት፣ ማለትም ከሚገባው ሙቀት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፤ ባለቤቲቱም ወይ ሊጡን ወይ እጇን ትወቅሳለች። ጥፋቱ ግን የቀጭን ሽቦና የአነስተኛ ትራንስፎርመር ነው። በዋቢ ሸበሌ ላይ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው 153 ሜጋዋቱ የመልካ ዋከና ጣቢያ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብም ለአገሪቱ ብዙ ኃይል ጨምሯል። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከምጣዱ የሚደርሰው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች መሥመር በኩል ነው፤ እርሷ ከደከመች የግድቡ ታላቅነት በእንጀራው ላይ አይታይም።

ነገሩ ከእንጀራ ጥራት አልፎ እንደሚሄድ ደግሞ ልብ እንበል። መብራቱ ሲከዳ ወይም ሲደክም ቤቱ ወደ ሦስት ጉልቻ ይመለሳል። እንጨቱ የሚመጣው ከአስታው፣ ከጽዱና ከሌላው የተራራ ደን ነው፤ ይህም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ዙሪያ ይነካል። እንጨት ሲጠፋ የሚነደው ኩበት ለስንዴው ማሳ ሊሆን ይገባው የነበረ ማዳበሪያ ነው። ስለ ጢሱም የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ያህል እንደ ሞቱ ገምቷል። መብራት ላልደረሰበት ቤት ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጀራ ማገዶን በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ስለሆነም እዚሁ ሊመረት ይችላል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለሮቤ፣ ለጎባና ለሌሎች ደጋ ከተሞች በከፍታ የተስተካከለ የማብሰያ ጊዜ ሰንጠረዥ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አዘጋጅተን እናሰራጭ። ሁለተኛ፣ አባላት በየሠፈራቸው በበዓል ዋዜማ በመሥመር ጫፍ ያለውን ቮልቴጅ ለክተው ውጤቱን ለሚመለከተው ክፍል ያቅርቡ። ሦስተኛ፣ የግፊት ድስት የክዳን ጎማና ቫልቭ መለዋወጫ በአካባቢው ገበያ እንዲገኝ እናበረታታ፤ ጎማው ያለቀ ድስት ከተራ ድስት አይሻልምና። አራተኛውና ዋነኛው፣ ማንኛውንም የቤት መሣሪያ ከማስተዋወቃችን በፊት የምትጠቀምበት ባለሙያ ስታበስል አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብለን እንይ።

በመጨረሻ፣ ለእናቴ የሠራሁላት ሰንጠረዥ ዛሬ በጎባ ማእድ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ባቄላ፣ 40 ደቂቃ ብዬ ጽፌ ነበር። ባለፈው ስሄድ በእርሳስ አርማው አገኘሁ፤ የዘንድሮ ባቄላ 40፣ የአምና ባቄላ 55 ይላል። ጥራጥሬ በጐተራ በቈየ ቁጥር ለመብሰል እንደሚያስቸግር እኔ በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። እርማቱን ተቀብዬአለሁ።