ቁልፉ ተቀየረ እንጂ ንብረቱ አልጠፋም
(የይለፍ ቃል ከተቀየረ በኋላ የቤት ሰርቨርን መልሶ ስለ መክፈት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ በመጀመሪያ ሲታይ አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ የባንክ ወይም የፋብሪካ ኮምፒዩተር አይደለም፤ በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ሰርቨር ነው። ሆኖም በውስጡ የሚገኘው ንብረት በገንዘብ የሚተካ ባለመሆኑ ባለሙያው ሊያስብበት ይገባል።

ለምሳሌ ያህል በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአየር ጤና ወይም በዓለም ባንክ አካባቢ የሚኖር አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። ከልጆቹ አንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር ወደ ሰርቨርነት ለውጦ፣ ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠውን የወላጆቹን ሠርግ፣ የሟች አባቱን ድምፅና የእኅቱን ምርቃት በአንድነት አስቀምጦበታል። ልጁ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ሄዷል፤ እናት ግን በዓል በመጣ ቁጥር ያንኑ ከፍተው ያያሉ። አንድ ቀን ልጁ ካለበት አገር ሆኖ የይለፍ ቃሉን ይቀይራል፤ በዚያውም «የተገናኙት መሣሪያዎች ሁሉ ይውጡ» የሚለውን ምርጫ ይነካል። በማግስቱ እናት ቴሌቪዥኑን ቢከፍቱ ሰርቨሩ አይገኝም። ሣጥኑ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ መብራቱም ይበራል፤ ቤቱ ግን በባለቤቱ ላይ ተዘግቷል።

ይህ በግምት የተነገረ ብቻ አይደለም። ፕሌክስ የተባለው የታወቀ የቤት ሰርቨር ፕሮግራም አዘጋጅ ድርጅት ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የተጠቃሚዎቹ የኢሜይል አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የተመሰጠረ የይለፍ ቃል በሌሎች እጅ መግባቱን አስታውቆ፣ ሁሉም የይለፍ ቃላቸውን እንዲቀይሩ ጠይቋል። ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ተመሳሳይ ማስታወቂያ አውጥቷል። በሁለቱም ጊዜ ምክሩን በታማኝነት የፈጸሙ ብዙ ሰዎች ከገዛ ሰርቨራቸው ውጭ ሆነው ተገኝተዋል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሰርቨሩ የባለቤቱን የይለፍ ቃል በየጊዜው አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ የሚይዘው ቶክን የሚባል የመግቢያ ፈቃድ ነው። መሣሪያዎች ሁሉ እንዲወጡ ሲታዘዝ የስልኩና የቴሌቪዥኑ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የሰርቨሩም ፈቃድ ይሰረዛል። ከዚያ ወዲያ ሰርቨሩ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። ፊልሙ፣ ድምፁና ማውጫው ግን በሃርድ ዲስኩ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ነገሩን ያልተረዳ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ዲስኩን ፎርማት ያደርጋል፤ የአባትየውም ድምፅ በዚያው ይጠፋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ እንዲህ የፈሰሰ ግን ተመልሶ አይለቀምም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ምንም ነገር አለመሰረዝ ነው።

ሁለተኛው ሕግ በሩ የሚከፈተው ከውስጥ መሆኑን ማወቅ ነው። ባለቤት አልባ የሆነ ሰርቨር ከሩቅ የመጣን ሰው በባለቤትነት አይቀበልም። ስለዚህ በራሱ በሰርቨሩ ኮምፒዩተር ላይ ማሰሻ ተከፍቶ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱን በሚጠራበት አድራሻ በ127.0.0.1፣ በፖርት 32400 ይገባል፤ በአዲሱ የይለፍ ቃልም ባለቤትነቱ ይረጋገጣል። ሰርቨሩ ስክሪን የሌለው ከሆነ በዚያው ቤት ካለ ሌላ ኮምፒዩተር በኤስ.ኤስ.ኤች. መስመር በኩል ወደዚሁ አድራሻ መድረስ ይቻላል። በኮንቴይነር ለተጫነ ሰርቨር ከድርጅቱ ገጽ የማረጋገጫ ኮድ ይወሰዳል፤ ኮዱ የሚያገለግለው ለ4 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር ከተሰናዳ በኋላ መጠየቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ሰርቨሩ እንዲቆም ይደረግና የምርጫዎቹ ፋይል ቅጂ ተይዞ፣ የቀድሞውን አካውንት ስም፣ ኢሜይልና ቶክን የያዙት መስመሮች ብቻ ይወጣሉ። የሰርቨሩን የራሱን መለያ የያዘው መስመር መነካት የለበትም፤ ከተነካ ሰርቨሩ እንደ አዲስ ይቆጠራል። በመጨረሻም ቴሌቪዥኑና ስልኩ በአዲሱ የይለፍ ቃል እንደገና ይገባሉ።

እነሆ፣ ከዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ንብረቱ በኮልፌ ቤት ውስጥ እያለ ቁልፉ ለምን ባሕር ማዶ ይቀመጣል? ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈቃዱን ከሩቅ የሚጠብቅ ሰርቨር በአንድ ክፍል ውስጥ ላሉ ሰዎች እንኳ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ለማቃለል በፕሌክስ ላይ የቤት ውስጥ አድራሻዎች ያለ ማረጋገጫ እንዲገቡ አስቀድሞ መፍቀድ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረው ጄሊፊን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ አካውንቱንና የይለፍ ቃሉን የሚይዘው በዚያው በሰርቨሩ ላይ ነው። የይለፍ ቃሉ ቢረሳ፣ ለ30 ደቂቃ የሚያገለግል ቁጥር በሰርቨሩ ፋይል ውስጥ ይጽፋል፤ ያንን ማንበብ የሚችል ሰው በሩን ይከፍታል። በአንጻሩ የጥበቃውና የእድሳቱ ኃላፊነት በሙሉ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ የተነሣ የይለፍ ቃል መቀየር ጥፋት ነው ማለት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ የይለፍ ቃልን ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንደማይገባ፣ ምሥጢሩ ለመውጣቱ ማስረጃ ሲኖር ግን መቀየር ግዴታ መሆኑን አመልክቷል። ልጁ መቀየሩ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ በቤት ውስጥ ሰርቨሩን የሚያውቅ ሰው ሳያዘጋጅ መቀየሩ ነው።

እንግዲህ የሙያው ግዴታ ግልጽ ነው። ለቤተሰብ ሰርቨር የሚተክል ባለሙያ ሥራው የሚፈጸመው ምስሉ በቴሌቪዥኑ ላይ ሲታይ አይደለም። የሰርቨሩ አድራሻ፣ የመክፈቻው ቅደም ተከተልና የኃላፊው ስም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ሲቀመጥ፣ የዲስኩም ቅጂ በሌላ ቦታ ሲኖር፣ ከቤተሰቡም አንድ ሰው በሩን ከውስጥ ከፍቶ ሲያሳይ፣ ያን ጊዜ ሥራው ተፈጸመ ይባላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። እናት የባለቤታቸውን ድምፅ ለመስማት ከባሕር ማዶ የስልክ ጥሪ መጠበቅ የለባቸውም።