ጣርማ በርን ለሚያስቡ ወጣቶች
(ለልደታ ሠፈር ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



በብስክሌትም ሆነ በእግር ጣርማ በርን ለማየት ለምታስቡ ልጆቻችን ጥቂት ልበል። እንደሚታወቀው ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ባስቆፈረው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል።

ሁሉም የሚያወራው ስለ ዳገቱ ነው። ዳገቱስ ቢያደክም ወርዶ መግፋት ነው። የሚያሰጋው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ሳይለቁት ከወረዱ ይግላል፤ ሲግል አይዝም። ስለዚህ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፤ በየመሐሉም ቆማችሁ አቀዝቅዙ። ጭጋግ ከወረደ የከባድ መኪና ሾፌር አያያችሁምና እስኪገፍ ጠብቁ። ዋሻውንም ያለ መብራት አትግቡ፤ በእግር የምትሄዱም ብትሆኑ።

አስቀድማችሁ እንጦጦ ላይ ተለማመዱ፤ እሱም 3,000 ሜትር ያልፋል። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ፤ ለብቻም አትውጡ። እናቶቻችሁ በር በሩን ሲያዩ እንዳያመሹ አደራ!