ከዋጋው ላይ የተቀነሰው ምንድን ነው? ስለ አሜሪካ ሠራሽ ርካሽ ሽጉጦች በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ስለ ድልድይና ስለ ግድብ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይልና ስለ ውሃ አቅርቦት ስንነጋገር በኖርንበት መድረክ ላይ ስለ ሽጉጥ ለመናገር መቆሜ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም እንደማይቀር አውቃለሁ። ርእሱን የመረጥሁት ለመሣሪያ ካለኝ ፍቅር የተነሣ አይደለም። በዚህ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር የነዳጅ ማደያና ትናንሽ ሱቆች የሚጠብቁ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሽጉጥ ለመግዛት ሲያስቡ፣ “አንተ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ? ርካሹ ዋጋ አለው ወይ?” ብለው የሚጠይቁት እኛን ነው። መግዛታቸው ይበጃል አይበጅም የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ስለ ሆነ ዛሬ አልገባበትም። የእኔ ነገር ርካሽ ተደርጎ የተሠራን መሣሪያ መሐንዲስ በምን ሚዛን ሊመዝነው ይገባል በሚለው ላይ ይወሰናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማናቸውም ዕቃ ሲረክስ ገንዘቡ ከአንድ ቦታ ላይ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ከጥሬ ዕቃው፣ ከማሽን ሰዓቱ፣ ከፍተሻው ወይም ከሻጩ ትርፍ። ይህን ቦታ ፈልጎ ያላገኘ ሰው የዋጋውን ወረቀት ቢያነብ ምንም አላነበበም።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1949 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ዊልያም ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም የተባሉ ሁለት ሰዎች በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ በሳውዝፖርት ከተማ፣ በ50,000 ዶላር ካፒታል ሥራ ጀመሩ። ያወጡት ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። በዚያን ጊዜ የተለመደው አሠራር የሽጉጡን አካል ከተቀጠቀጠ ብረት ላይ በፍሬዛ ፈልፍሎ ማውጣት ነበር። እነርሱ ግን ከላሜራ በማተሚያ ማሽን ሁለት ግማሽ አካል እያወጡ አንዱን ከሌላው ጋር በየዱት። ገንዘቡ የተቀነሰው እንግዲህ ከፍሬዛው ሥር ተጠርጎ ከሚጣለው ፍቅፋቂና ሠራተኛው በማሽኑ ፊት ከሚቆምበት ሰዓት ላይ ነው። ከጥንካሬው የተነሣ ነገር አልነበረም፤ ያ ሽጉጥ መልኩ እምብዛም ሳይለወጥ እስከ 1982 ተመርቷል።

ሁለተኛው መንገድ የኦሃዮ መንገድ ነው። በማንስፊልድ ከተማ የሚሠራው ሃይ ፖይንት ሲ 9 የተባለው ሽጉጥ ለብዙ ዘመን ከ200 ዶላር በታች ሲሸጥ የኖረ ነው። ባለ 9 ሚሊሜትር ሲሆን በካዝናው 8 ጥይት ይይዛል፤ ክብደቱ 820 ግራም ያኽላል። መሣሪያ አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ያሾፉበታል፤ መልኩ የግንብ ጡብ ስለሚመስል መሳቃቸው አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ከመሳቃችን በፊት ስሌቱን እንይ።

በአብዛኞቹ የ9 ሚሊሜትር ሽጉጦች ውስጥ አፈሙዙና ከላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚሄደው ተንሸራታች ክፍል ጥይቱ በሚተኮስበት ቅጽበት እርስ በርሳቸው ይቆላለፋሉ። አረሩ ከወጣና ግፊቱ ከወረደ በኋላ አፈሙዙ ዘንበል ብሎ ይለቀቃል፤ ጆን ብራውኒንግ ለዓለም ያተረፈው ዘዴ ይህ ነው። የኦሃዮው ሽጉጥ ይህ ቁልፍ የለውም። ቀለሁን ወደ ኋላ እንዳይወጣ የሚይዙት የተንሸራታቹ ክብደትና ከሥሩ ያለው ሞላ ብቻ ናቸው። አረሩ 7.45 ግራም፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 350 ሜትር ነው እንበል፤ የባሩዱን ጋዝ እንተወውና ግፊተ ጉዞው 2.6 ኪሎግራም ሜትር በሴኮንድ ይሆናል። ተንሸራታቹ 300 ግራም ብቻ ቢመዝን በሴኮንድ 8.7 ሜትር ወደ ኋላ ይፈናጠራል። አረሩም በአፈሙዙ ውስጥ 85 ሚሊሜትር ሲጓዝ እርሱ 2 ሚሊሜትር ያህል ይከፈታል። ክብደቱን ወደ 600 ግራም ብናሳድገው ፍጥነቱም መከፈቱም በግማሽ ይቀንሳሉ። ቀለሁ ስስ ነሐስ ስለ ሆነና ከቤቱ የወጣውን ጎኑን የሚደግፈው ስለሌለ፣ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የተኳሹን እጅ የሚመለከት ነገር ነው። ስለዚህ ያ የሚሳቅበት ጡብ ስሕተት አይደለም። ቁልፉን ያስቀረ ሰው በክብደት መክፈል ነበረበት፤ ከፍሏልም።

ተንሸራታቹ የተሠራው ከዚንክ ቅይጥ ነው። እኔ በሥራዬ ይህን ቅይጥ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የበር እጀታና የቧንቧ ራስ ይወጣበታል። በ380 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ቅርጽ ማውጫውን አይጎዳም፤ አንዱ ቅርጽ እጅግ ብዙ ቁራጭ ያወጣል፤ የወጣውም ቁራጭ ፍሬዛ እምብዛም አይፈልግም። ጥንካሬው ግን በሙቀት ከታከመ ብረት ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ በተደጋጋሚ ምት ደግሞ ይደክማል። ዘዴው የሚያዋጣው እንግዲህ ክፍሉ ወፍራም ሆኖ፣ ጫናውም በሰፊ ቦታ ላይ እስከ ተከፋፈለ ድረስ ነው። ፋብሪካውም ለሽጉጡ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ዋስትናው ከገዢው ወደ ገዢ የሚተላለፍ ነው። ውድ ዕቃ ከሚሠሩት መካከል እንኳ ይህን የማይደፍሩ አሉ።

ከዚንክ የሚሠራ ሁሉ ግን አንድ ወገን አይደለም፤ ነገሬ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። ከ1970 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ሬቨን፣ ጄኒንግስ፣ ብራይኮ፣ ሎርሲን የተባሉ ፋብሪካዎች ተከታትለው ተነሥተው ትናንሽ የዚንክ ሽጉጦችን በብዛት አወጡ። በ1994 በዚያው ክፍለ ግዛት አንድ ወጣት የብራይኮን ሽጉጥ ጥይቱን ሊያወጣ ሲሞክር ባረቀበትና የ7 ዓመት ሕፃን ልጅ አቆሰለ። ልጁ ከአንገቱ በታች ሽባ ሆነ። ክርክሩ በመጨረሻ በአንድ የንድፍ ነጥብ ላይ አረፈ፤ ይኸውም የጎረሰውን ጥይት ለማውጣት ተንሸራታቹን መሳብ ያስፈልጋል፤ ተንሸራታቹ ደግሞ የደኅንነት ማገጃው ወደ መተኮሻው ቦታ ካልዞረ በቀር አይሳብም። ሽጉጡን ከአደጋ ለማራቅ የሚሞክር ሰው አስቀድሞ ለመተኮስ እንዲያዘጋጀው ይገደዳል ማለት ነው። በ2003 የፍርድ ሸንጎው ዳኞች በአምራቹና ከእርሱ ጋር በተሳሰሩት ላይ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሣ ፈረዱ፤ ኩባንያው መክሠሩን አስታወቀ።

ልብ በሉ፤ ልጁን የጎዳው ዚንክ አይደለም። ያው ንድፍ ከምርጥ ብረት ቢሠራ ኖሮ ያው ጥይት ይባርቅ ነበር። ሕግ አውጪዎች ግን ቶሎ የታያቸው ዚንኩ ነው። ኢሊኖይና ሃዋይን የመሳሰሉ ክፍላተ ግዛቶች ከ427 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚቀልጥ ማዕድን የተሠራ ሽጉጥ እንዳይሸጥ ደንግገዋል። በምድጃ ውስጥ የሚተኩስ ሰው ካለ ድንጋጌው ይጠቅመው ይሆናል! የመቅለጫ ነጥብ የጥንካሬ መለኪያ እንዳልሆነ ከእኛ መካከል የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም።

በዚህ አገር ሕግ ውስጥ ሌላ የሚያስደንቅ ክፍተት አለ። በ1972 የወጣው የሸማቾች ዕቃ ደኅንነት ሕግ ዳቦ መጥበሻንና የሕፃናት አልጋን የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም የጦር መሣሪያን ከሥልጣኑ ውጭ አድርጎታል። በ1968ቱ ሕግ መሠረት ከውጭ የሚገባ ሽጉጥ በክብደቱ፣ በርዝመቱና በደኅንነት ክፍሎቹ ነጥብ እየተሰጠው 75 ነጥብ ማግኘት አለበት፤ አገር ውስጥ የተሠራውን ግን ይህ አይነካውም። “አሜሪካ ሠራሽ ነው” የሚለው ቃል እንግዲህ የፌዴራል መንግሥት ፈትኖታል ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣችውና በ2001 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ይህን ክፍተት በከፊል ሞልታለች። ፈተናው 600 ጥይት ማስተኮስ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 20 ያለ እንከን መውጣት አለባቸው፤ በጠቅላላውም ከ6 ጊዜ በላይ መንከስ አይፈቀድም። ከዚያም ሽጉጡ ከ1 ሜትር ከ1 ሴንቲሜትር ከፍታ በስድስት አኳኋን በኮንክሪት ላይ ይጣላል። ለመሐንዲስ የሚገባው ሕግ እንዲህ ያለው ነው፤ የሚለካ ነገር ይለካል።

አሁን ወደ አዲሱ ትውልድ ልለፍ። በ1949 የተመሠረተው የሩገር ኩባንያ በ2017 መጨረሻ ሴኩሪቲ 9 የተባለ ሽጉጥ በ379 ዶላር አወጣ። አፈሙዙ 10 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱ 670 ግራም ገደማ፣ ካዝናው ባለ 15 ነው። ከኦሃዮው ጋር ስናስተያየው በ150 ግራም ቀልሎ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ጥይት ይይዛል። ምክንያቱም የብራውኒንግን ቁልፍ ስለሚጠቀም ክብደትን የቁልፍ ምትክ ማድረግ አላስፈለገውም። ተንሸራታቹና አፈሙዙ ቅይጥ ብረት ናቸው። እጀታው የመስታወት ጭረት የተቀላቀለበት ናይለን ነው፤ በውስጡም ተንሸራታቹ የሚሄድበት ከአሉሚንየም የተሠራ ሻንሲ አለ።

የእኔ ትኩረት ያረፈው በዚህ ሻንሲ ላይ ነው። አሉሚንየም ከብረት ጋር ሲፋተግ እንደሚሸነፍ እናውቃለን። ንድፍ አውጪዎቹ ሐዲዱን እስከ ጫፍ አርዝመው ጫናውን በትነውታል፤ ገጽታውንም በኤሌክትሪክ ዘዴ አጠንክረውታል። ይህ የጠነከረ ልባስ ግን ውፍረቱ ከጥቂት ዐሥር ማይክሮን የማያልፍ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሐዲዱን ዘይት ሊነፍገው አይገባም። ርካሽነቱ የሚታየው ሌላው ቦታ መፍቻው ነው፤ ለማጽዳት ሲፈታ አንዲት ካስማ በመሣሪያ ፈልቅቆ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ያሰለቻል፤ ግን አይገድልም። እንዲያውም ሽጉጡን ለመፍታት ምላጩን መሳብ አያስፈልግም። በሌሎች በርካታ ሽጉጦች ግን ከመፍታት በፊት ምላጭ መሳብ ግድ ስለ ሆነ፣ ባዶ መስሎት ሲያጸዳ የሚባርቅበት ሰው ጥቂት አይደለም። ገንዘቡ ከምቾቱ ላይ ተቀንሷል፤ ከደኅንነቱ ላይ አልተቀነሰም። በእኔ ሚዛን ይህ ሐቀኛ ርካሽነት ነው።

የኩባንያው ስም ዋስትና ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ይኸው ሩገር በ2008 ኤስ አር 9 እና ኤል ሲ ፒ የተባሉትን ሽጉጦች ሲወድቁ ሊባርቁ ስለሚችሉ እንዲመለሱለት ጠርቷል። ውድነትም ዋስትና አይደለም። የአሜሪካ ጦር በ2017 መጀመሪያ የመረጠው የሲግ ፒ 320 ዘር በዚያው ዓመት ለሲቪል የተሸጠው ዓይነት በተወሰነ ማዕዘን ሲወድቅ እንደሚባርቅ ታይቶ፣ ፋብሪካው በነሐሴ ወር ለባለቤቶቹ የማሻሻያ ሥራ አቅርቧል። ያ ሽጉጥ የተለመዱትን የመውደቅ ፈተናዎች አልፎ ነበር፤ ባልተፈተነው ማዕዘን ግን ወደቀ።

ወገኖቻችን ሲጠይቁን እንግዲህ ምን እንበላቸው? ባዶውን ሽጉጥ በሻጩ ጠረጴዛ ላይ ያስይዟቸው፤ ማገጃው እንደ ተዘጋ ተንሸራታቹ ይከፈት እንደ ሆነ ራሳቸው ይሳቡት። ካልተከፈተ የካሊፎርኒያውን ሕፃን ያስቡ። እናታቸው ወይም ባለቤታቸው ልታቀባብለው ትችል እንደ ሆነም ይዩ፤ ቁልፍ የሌላቸው ሽጉጦች ሞላቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ለደካማ እጅ ይከብዳሉ። የሽጉጡ ተከታታይ ቁጥር በአምራቹ የጥሪ ዝርዝር ውስጥ ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ገንዘብ አይፈጅም። ከዚያም ሊይዙት ካሰቡት ጥይት ቢያንስ 200 ያህል በተኩስ ሜዳ ይተኩሱበት፤ በዚያ መካከል የሚነክስ ከሆነ ወደ ሻጩ ይመልሱት። የጥይቱ ዋጋ ከሽጉጡ ዋጋ ጋር መደመር አለበት፤ የብረት ሣጥኑም እንዲሁ። ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ በ2005 የወጣው ሕግ ያስገድደዋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ርካሽ የሽቦ ገመድ ነው፤ ገመዱ የሚገባው ግን ካዝናው ወጥቶ፣ የጎረሰው ጥይት ተነሥቶ፣ ተንሸራታቹ ወደ ኋላ እንደ ተከፈተ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ ብትኖሩ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።